የማይነበብ ፊርማ አለበት

በ1883 ዓ.ም. የካቲት ወር መባቻ ላይ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት በገዛ እጁ የፈረመበትን ወረቀት አንስቶ ፊርማውን ቀደደው። ሰውየው ለሀገሩ እንግዳ አልነበረም። ሸዋ ውስጥ ለዓመታት ኖሯል፣ ከምኒልክ ጋር የጠመንጃ ንግድ ሠርቷል፣ የጣልያን መንግሥት ጉዳይ ሁሉ በእጁ ያልፍ ነበር። ያበሳጨው ነገር አጭር ነው። የፈረመበት የአማርኛ ጽሑፍ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ተሰርዟል ይላል፤ እሱ ግን አንቀጹ ባለበት ይቆያል የሚል መስሎት ነበር የፈረመው።

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ከሁለት ዓመት በፊት የሠራው ሥራ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 20 አንቀጾች አሉት፤ የተጻፈውም በአማርኛና በጣልያንኛ ነው። የአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ግን ንጉሡ በዚያ መንገድ ለመሄድ የተስማሙ አድርጎ ጻፈው። ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። በየትምህርት ቤቱ የተረሳው ግን ከእሱ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ያለው አንቀጽ 19 ነው። አንቀጽ 19 ውሉ በሁለቱ ቋንቋዎች መጻፉን፣ ሁለቱም ጽሑፎች ፍጹም አንድ መሆናቸውን፣ ሁለቱም እኩል እንደሚታመኑ ይናገራል። እንግዲህ ምኒልክ ማኅተማቸውን ያሳረፉት በአንቀጽ 17 ላይ ብቻ አይደለም። ያላነበቡት ወረቀት ካነበቡት ወረቀት ጋር አንድ ነው በሚለው ቃል ላይም ጭምር ነው።

ጣልያን በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአውሮፓ መንግሥታት ያሳወቀችው የራሷን ግልባጭ ይዛ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው መንገሣቸውን ለእንግሊዝና ለጀርመን ሲጽፉ የመጣላቸው መልስ «በጣልያን በኩል ይሁን» የሚል ሆነ። ማታለሉ የታወቀው ያኔ ነው። አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ ቤተ መንግሥቱ ነቅቶ ጠበቀው፤ በዚህኛው ዙር ሳያነብ የፈረመው እሱ ሆነ። የተቀደደችው ፊርማ ታሪክ ይህች ናት። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ነገሩ አድዋ ላይ በሌላ መንገድ አለቀ።

ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመራቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ማታለሉ ከጣልያን ወገን እንደነበረ ተከራከረ፤ ጣልያናዊው ካርሎ ጂሊዮ ደግሞ ተነስቶ መለሰለት። ሁለት ምሁራን ስለ አንድ ግሥ መጽሔት ላይ መከራከራቸው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ክርክሩ ሁሉ የተቻለው የአማርኛው ዋና ጽሑፍ ስላልጠፋ ነው። ግልባጩ ብቻ ቢቀር ኖሮ የሚነበበው የአሸናፊው ቅጂ በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በውጫሌው ውል ላይ አንቶኔሊ ፈረመ፤ ምኒልክ ግን አተሙ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ደብዳቤ የሚታመነው በንጉሡ እጅ ጽሕፈት አልነበረም። ጽሕፈቱ የጸሐፊው ነው። የንጉሡ የሆነው ከላይ፣ ከደብዳቤው ራስ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ነው፤ አንበሳውና «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃል። ፈረንጅ ከታች ይፈርማል፣ ሐበሻ ከላይ ያትማል። ስለዚህም ማኅተሙን የሚይዘው ሰው ከባድ ሰው ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ የሚለው ማዕረግ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጽሕፈት ሥራ ይመስላል፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ወንበር ላይ ሆነው የነበራቸውን ሥልጣን ያየ ግን ብዕርና ማኅተም የያዘ እጅ ምን ያህል እንደሚረዝም ይገባዋል።

ዛሬም ሀገሩ ከዚህ ልማድ አልወጣም። ፊርማ ያለበት ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ቢሮ የሚሄድ ሰው ተመለስ ይባላል። ማኅተም ያለበትን፣ ፊርማው የማን እንደሆነ የማይታወቀውን ወረቀት ይዞ የሚሄድ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። «ፊርማ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። ቋንቋው ቃሉን የወሰደው ፊርማ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ካሳየችው ሀገር መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

ከማኅተሙም በፊት ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም እማኝ ነው። በሰሜኑ የቤተ ክርስቲያን ርስትና ጉልት የሚመዘገበው በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነው። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ የሚገኘው የሺመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ዘወርቅ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነገሥታት የመሬት ስጦታ ተጽፎበታል። እነዚህ ጽሑፎች ፊርማ የላቸውም። ያላቸው የሹማምንትና የካህናት ስም ዝርዝር ነው፤ እገሌ እያለ፣ እገሌ እያለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ግዝት ይመጣል፦ ይህን የሻረ፣ የለወጠ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። ወረቀቱን የሚጠብቀው መቅደሱ፣ ስሙ የተዘረዘረው ሰውና የግዝቱ ፍርሃት ነበሩ።

ይህ ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። መጽሐፉ አርጅቶ ወደ አዲስ ብራና ሲገለበጥ የመሬቱም መዝገብ አብሮ ይገለበጣል፤ ገልባጩ ደግሞ የደብሩ ሰው ነው። በአክሱም መሬት ስጦታዎች ስብስብ ውስጥ በአብርሃና አጽብሃ ስም የሰፈሩ ጽሑፎች አሉ፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ከነገሥታቱ ዘመን ብዙ ቆይተው የተዘጋጁ ናቸው ብለው ነው የሚያነቧቸው። በአማርኛ «ገለበጠ» ማለት ቀዳ ማለትም ነው፣ ደፋ ማለትም ነው። ቋንቋው ያለ ምክንያት አልተጠራጠረም።

ዋናውና ቅጂው ለምን እኩል እንዳልሆኑ በደንብ የገባቸው አንድ ንጉሥ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። የሰጡት ምክንያት የሃይማኖት ብቻ አልነበረም። የሀገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለሚገኝ ያለ እሱ ሕዝቡ አይታዘዝልኝም አሉ። ክብረ ነገሥት በየገዳሙ ሞልቶ ነበር፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን ያንን አንዱን ነው። እንግሊዞች መለሱላቸው። ከዚያ ወረራ ሌላ ብዙ ነገር ስላልተመለሰ፣ ወረቀት ያለ ውጊያ የተመለሰበት ይህ ጊዜ ሊታወስ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የሰሜኑ ወረቀት ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ባለው የጋሞ ደጋ ሕግ በሌላ መንገድ ይቀመጥ ነበር። ጋሞ በብዙ «ደሬ» የተከፈለ ሀገር ነው። እያንዳንዱ ደሬ ካዎ አለው፣ ሀላቃዎች አሉት፣ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ዱቡሻ አለው። የመሬት ወሰን፣ የከብት፣ የጋብቻ፣ የደም ጉዳይ የሚታየው ዱቡሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ዱቡሻ ላይ የተነገረ ቃል ይጸናል። የሚያጸናው ጎሜ ነው፤ ቃል ያፈረሰ፣ የዋሸ፣ ወሰን የገፋ ሰው በራሱ፣ በልጁ፣ በከብቱ፣ በእርሻው ላይ መከራ ይጠራል የሚል እምነት። በሰሜኑ ብራና መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ግዝት እዚህ ሳይጻፍ ይሠራ ነበር።

ይህ የድሮ ወሬ ብቻ እንዳይመስል፦ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ጥቃት በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ሲወጣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ አልተሻገራቸውም። የታተመ ትእዛዝ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ አልነበረም። ሣሩ የያዘው ሥልጣን በቂ ሆነ። ያን ቀን ሀገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ያየው ከፊርማ በፊት የነበረውን ፊርማ ነው ማለት ይቻላል።

የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጋሞን ሲይዝ ግን ከጠመንጃው ጋር መዝገብ መጣ። ጨንቻ የጦርና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ገበሬው ገባር ተብሎ ለነፍጠኛ ተመደበ፤ ማን ለማን እንደሚገብር፣ ስንት እንደሚገብር የሚናገረው ቃል በአማርኛ ተጽፎ በሹሙ ቤት ተቀመጠ። ለዘመናት በዱቡሻ ሲያወራ የኖረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ስለ እሱ የተጻፈ፣ እሱ የማያነበው ወረቀት እንዳለ ሰማ። አንቀጽ 17 በምኒልክ ላይ የሠራውን፣ የምኒልክ መዝገብ በጋሞ ገበሬ ላይ ሠራው። ይህ አባባል ለአንዳንዱ ይመርረዋል። ሁለቱ ነገሮች በተፈጸሙባቸው ዓመታት መካከል ግን ያለው ርቀት በጣም አጭር ነው።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጆች ወጡ። የገባርነቱ ግዴታ በገንዘብ በሚከፈል ግብር ሲተካ አዲስ ሰነድ ተወለደ፤ ደረሰኝ። ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኝ ያገኛል። የባለቤትነት ካርታ በሌለበት ገጠር ደግሞ የግብር ደረሰኝ የባለመሬትነት ማስረጃ ሆኖ ማገልገል ጀመረ። ለዚህ ነው በብዙ የሀገሩ ክፍል ሽማግሌዎች የአባታቸውን ደረሰኝ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያኖሩት። ችግሩ ደረሰኙ የሚቆረጠው መሬቱን ላረሰው ሰው ስም አለመሆኑ ነው፤ ግብሩን ባስገባው ሰው ስም ነው። በደቡብ ግብሩ በባላባቱና በጭቃ ሹሙ በኩል ሲያልፍ ስሙ በመንገድ ላይ ይቀየር ነበር። ጭሰኛው ደግሞ ከባለመሬቱ ጋር የነበረው ውል አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው። የበላዩ ወረቀት አለው፣ የበታቹ ቃል አለው፤ ዳኛው የሚጠይቀው ወረቀት ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መጻፍን ለማመስገን ነው። የሚወርሰው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይናገርም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ ያ ሁሉ ወረቀት በአንድ ቀን ከሰመ። የጭሰኝነት ውል፣ የጉልት ደብዳቤ፣ የባለርስትነት ማስረጃ ዋጋ አጣ። ፊርማ የሚጸናው ከበስተጀርባው የቆመ መንግሥት እስካለ ድረስ መሆኑን ከዚያ ቀን በላይ ያሳየ የለም። ቢሆንም ሰው ደረሰኙን አልጣለም።

ከዚያ አዋጅ 15 ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ 3,367 አንቀጾች አሉት። ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፤ ያረቀቀውም በፈረንሳይኛ ነው። ጽሑፉ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ አማርኛው ገዥ ሆነ። ስለዚህ የሕጉ «ዋና» በታሪክ ፈረንሳይኛው ነው፣ በሕግ አማርኛው ነው። ጠበቆች አንድ አንቀጽ ግራ ሲገባቸው እስከ ዛሬ ወደ እንግሊዝኛውና ወደ ፈረንሳይኛው የሚሮጡት ለዚህ ነው። አንቀጽ 19 ያለው የውጫሌ ውል ልጅ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዛል። እዚህ ላይ የድሮው እማኝ ተመልሶ መጣ፤ ፈረንሳዊው ሊቅ በየወንጌሉ ኅዳግ የተዘረዘሩትን ሰዎች ቁጥር ወደ ሁለት አወረደው ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1728 ደግሞ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንጻር ሲነበብ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ፊርማ በእጅ ይጻፋል ይላል። መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራውን ማኖር ይችላል ይላል። ከዚያም ሦስተኛውን ቃል ያስቀምጣል፦ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በፊርማው ወይም በጣት አሻራው የሚገደደው፣ ውል ለማዋወል ሥልጣን የተሰጠው ሰው፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ብቻ ነው።

ይህች ንዑስ አንቀጽ የምትለው ነገር ግልጽ ነው። አሻራ ሰውየው እዚያ እንደነበረ ያሳያል። ምን እንደተስማማ ግን አያሳይም። ጣት አያነብም። ስለዚህ የሚያነብ፣ አንብቦም የሚያስረዳ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው መሐል መግባት አለበት።

ሕጉ ያላሰበው ግን የጋሞው ዓይነት ሰው አለ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ በየገጠሩ ብዙ ሰው ስሙን መጻፍ ቻለ። ስሙን የሚጽፍ ሰው በሕጉ ዓይን «መጻፍ የማይችል» አይደለም፤ በአሻራ ፋንታ ይፈርማል። በቤቱ የሚናገረው ጋሞኛ ነው። ውሉ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋም የፍርድ ቤቱም ቋንቋ አማርኛ ነው። ልጁ በጋሞኛ ፊደል ቆጥሮ፣ አባቱ በአማርኛ ውል ሥር ስሙን ጽፎ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ይህ ሰው አንባቢ ነው ወይስ አይደለም? ፍርድ ቤት የሚመጣው ክርክር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። «ፊርማው የኔ ነው፣ ውሉ ግን የኔ አይደለም» የሚል ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። ምኒልክም ያሉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የገጠር መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ሽያጭ የሆነ ነገር ሁሉ ሌላ ስም ይዞ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ ኪራይ፣ ስጦታ፣ የብድር መያዣ። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ለሦስት ዓመት አከራየሁ ብሎ ይፈርምና ወረቀቱ ሌላ ቁጥር ይዞ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር በጋሞ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ መሬት በጠበበበት ሁሉ አለ። የጋሞ ደጋ ግን መሬት በጣም ከጠበበባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አንድ የእንሰት ጓሮ የሚያክል ቦታ ቤተሰብ ያኖራል፤ አንድ ፊርማ ደግሞ ያን ቤተሰብ አርባ ምንጭ ላይ የቀን ሠራተኛ ያደርገዋል።

በከተማው ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ቆላ ወረደ፤ ቢሮዎቹ ሴቻ፣ ገበያው ሲቀላ ሆነ። ከተማ ሲኖር ቤት ይሸጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋወል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መሆን አለበት ይላል። ሰው ግን ለረጅም ጊዜ በሽማግሌና በመንደር ውል ሲሻሻጥ ኖረ። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ሥርዓት ያልተሟላለት የቤት ሽያጭ ውል የማይጸና ነው ብሎ ወሰነ። የሰበር ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ፣ አዲስ አበባ የተሰጠው ቃል እስከ ሲቀላ ደረሰ። በዚህ ውሳኔ የተጎዳ ሐቀኛ ገዢ ብዙ ነው፤ ዋጋ ሲጨምር ሐሳቡን የቀየረ ሻጭ የተጠቀመበትም ብዙ ነው። ውሳኔው ከሕጉ ቃል ጋር ይስማማል። ከሰዉ ኑሮ ጋር ግን አልተስማማም፤ ችሎቱም ቆይቶ ነገሩን ማለዘብ ግድ ሆነበት።

አሁን ወደ ቅጂው። «ፊርማዬ አይደለም» ያለ ሰው ሲመጣ ሰነዱ ለፎረንሲክ ምርመራ ይላካል። መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋናውን ነው፤ ፎቶ ኮፒ ብዙም አይረዳውም። እስክሪብቶ ወረቀቱን የተጫነበት ጥልቀት፣ የትኛው መስመር ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደተሠመረ፣ እጁ የት እንደፈጠነና የት እንደተንቀጠቀጠ፣ የቀለሙ ዓይነት በኮፒ ላይ አይተርፍም። የሚተርፈው ቅርጹ ብቻ ነው፤ አስመሳይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚይዘው ቅርጹን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ከሌላ ፊርማ ጋር በፍጹም አንድ የሆነ ፊርማ ጥርጣሬ ነው የሚያስነሳው። የሰው እጅ አንድን ፊርማ ሁለት ጊዜ በትክክል አይደግምም። በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ናፒየር መቅደላን በያዘበት ዓመት፣ አሜሪካ ውስጥ ውሳኔ ባገኘው የሀውላንድ ኑዛዜ ክርክር ላይ የሒሳብ ሊቁ ቤንጃሚን ፒርስ ቀርቦ ይህንኑ ተናገረ። ልጁ ቻርልስ የሟቿን 42 ፊርማዎች እርስ በርስ አመሳክሮ ነበር፤ በኑዛዜው ላይ የነበሩት ሁለት ፊርማዎች መስመር በመስመር መግጠማቸው በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም ተባለ። መስሎ መገኘት ያጋለጠው ፊርማ ነው።

ታዲያ ቅጂ ምን ይጠቅማል? ቅጂ ብቻውን ወሬ ነው፤ አንድ ሰው «ከዋናው ጋር አመሳክሬዋለሁ» ብሎ ስሙን ሲሰጥበት ሰነድ ይሆናል። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ከሚያዝዛቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ቢሮ ሄዶ «ዋናውና ኮፒው ይቅረብ» የተባለ ሰው የሚበሳጨው ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ስለሚመስለው ነው። ዋናው የሚፈለገው ለመታየት ነው፣ ኮፒው ለመቀመጥ። ዋናውን አስቀምጦ የሚመጣ ባለጉዳይ ግን አለ፤ በኋላ ፋይሉ ሲጠፋ የሚያለቅሰው እሱ ነው።

የቢሮ ደብዳቤ ሥር «ግልባጭ» ተብሎ የሚዘረዘረውም ነገር አለ። ለእገሌ ጽሕፈት ቤት፣ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለመዝገብ ቤት። ብዙ ሰው አያነበውም። አንድ ደብዳቤ ከአንድ ቦታ ቢሰረዝ ከሌሎቹ እንዳይሰረዝ የተዘጋጀ ጥንቃቄ ግን ነው፤ የዱቡሻ ታዳሚ በወረቀት ላይ ሲገኝ ይህን ይመስላል። ደብዳቤው የደረሰው ባለጉዳይ ዝርዝሩን ቢያነብ ጉዳዩን ሌላ ማን እንደሚያውቀው፣ ወረቀቱ ቢጠፋ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል።

ከሁሉም ሐቀኛው ቅጂ ያለው ፍርድ ቤት ነው። የሰበር ውሳኔዎች ታትመው ሲወጡ፣ የፍርድ ግልባጭም ለባለጉዳይ ሲሰጥ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር አለ፦ «የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ አለበት።» የሕግ ተማሪዎች ይስቁበታል። መስመሩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ፊርማውን አልገለበጠውም፣ አላስመሰለውም። ዋናው ላይ ፊርማ አለ፣ እኔ ያየሁት ይህን ያህል ነው፣ ማንበብ አልቻልኩም አለ። አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው ብሎ የዋሸውን፣ ይህ መስመር አንድ አይደሉም ብሎ በግልጽ ያስቀምጠዋል።

አሁን ወረቀቱ ወደ ስልክ ገብቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከትሎታል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። በወረቀት ላይ ፈርሞ፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አዋጁ የሚላቸው የተረጋገጡ ፊርማዎች ዓይነት አይደለም፤ የፊርማ ሥዕል ነው። የተረጋገጠው ዓይነት ሰነዱን በስሌት ቆልፎ የሚይዝ ነው፤ አንድ ፊደል ቢነካ መቆለፊያው ይናገራል። በየቻናሉ የሚዞረው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ምስል ግን ማንም ስልክ ያለው ልጅ ማኅተሙን ከአንዱ ቆርጦ ሌላው ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ማኅተም ሲያይ የሚያምን ሕዝብ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቅጥር፣ የዝውውር፣ የመሬት ምሪት ደብዳቤ እየተባለ የሚዞረውን ያየ ያውቀዋል። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥርና ቀን ይዞ ከወጣበት መዝገብ ቤት መጠየቅ እስካሁን የተሻለ ዘዴ አልተገኘለትም።

የስልኩ ፊርማ አንድ ነገር ግን አልመለሰም። አንቀጽ 1728 ማንበብ ለማይችል ሰው መሐል የሚገባ ሰው አስቀምጦለት ነበር። በስልክ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ሲነካ፣ በጨንቻ ወይም በቦንኬ የተቀመጠ አባት ፊት የአማርኛውን ወይም የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በጋሞኛ አንብቦ የሚያስረዳ፣ ለዚያም በስሙ የሚጠየቅ ሰው የለም። አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ይዞ የሚያነብለት የገዛ ልጁ ነው፤ ወይም ብድሩን ይዞ የመጣው ሰውዬ።